ቅጽ ሁለት ላይ ቅጽ አንድን ምን ያህል ልድገም?

የጭጋጉ ማዶ (ደብረ ብርሃን) · ሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ሦስት ቅጽ የሚሆን ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያው ታትሟል። ታሪኩ መንዝ ላይ ተጀምሮ ጥቅምት 1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ ጦር በተዋጉበት ቶራ መስክ ላይ ያበቃል። ደምሴ የሚባለው ሰው በጦርነቱ ቆስሎ ይወድቃል። አብሮ አደጉ ጥላዬ ጥሎት ይሸሻል። የሚሸሸውም በቆሰለው ሰው በቅሎ ነው። ሚስትየዋ ወርቄ ይህን ከሌላ ሰው ትሰማለች።

ቅጽ ሁለት የሚጀምረው ከ19 ዓመት በኋላ ነው፤ 1928 ዓ.ም.፣ የክተት አዋጁ ሰሞን። ይፋት ወርዶ የኖረው ጥላዬ ከሸሸ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርቄ ደጅ ይመጣል። የሟቹን ጠመንጃ ለዘመቻው ሊጠይቃት ነው። ልጅቱ አስካለ አድጋለች። ሰውየውን አይታው አታውቅም።

እዚህ ላይ ተቸገርኩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 22 ገጽ ነው። ከዚያ ውስጥ 14ቱ ቅጽ አንድን መልሶ መተረክ ሆኖ አረፈው። ለሁለት ሰው አስነበብኩት። እህቴ ቅጽ አንድን አንብባለች፤ «ይሄን እኮ አውቀዋለሁ» ብላ ዘጠኝ ገጽ ዘለለች። የሥራ ባልደረባዬ አላነበበችም፤ እሷ ደግሞ «ስሙ በዛብኝ፣ ማን የማን እንደሆነ ጠፋኝ» ብላ ስድስተኛው ገጽ ላይ አቆመች። በአንድ ጽሑፍ ሁለቱንም አጣኋቸው።

ተናድጄ 14ቱንም ገጽ አወጣሁት። ባልደረባዬ እንደገና አነበበችና «ሴትዮዋ እንግዳ ቤቷ መጥቶ ለምንድን ነው ፊቷን የምታጠቁረው? ክፉ ናት?» አለችኝ። ወርቄን ክፉ ስትላት አመመኝ። ሦስት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሴት ናት።

የወጣው ክፍል አጀማመሩ ይህን ይመስል ነበር፦

«ከ19 ዓመት በፊት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ሲዘምቱ፣ የወርቄ ባል ደምሴ ከራስ ልዑል ሰገድ ጦር ጋር ቶራ መስክ ወርዶ ነበር። ደምሴና ጥላዬ አብረው ከብት እየጠበቁ ያደጉ፣ ጥላዬም ለደምሴ ሠርግ ሚዜ የሆነ…»

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ምን ያህሉን ልናገር? የቱ ጋ? ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ማታ አንባቢ (አንኮበር) · ሰኞ ማታ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ አንባቢ ነኝ። ግን ጉዳዩ እኔን ይመለከታል። መጽሐፍ የምገዛው ደብረ ብርሃን ስሄድ ከአዟሪ ነው። አዟሪው የያዘውን ነው የምወስደው። ቅጽ ሁለት ከያዘ ቅጽ ሁለትን እገዛለሁ። ቅጽ አንድ አልቆ ሳይደገም የቀረ ስንት መጽሐፍ አለ። ስለዚህ እንደኔ ያለውን ሰው «መጀመሪያ ሄደህ ያንን አንብብ» ማለት አይሠራም።

ግን እህቴ፣ ሁሉን ማወቅም አልፈልግም። መጽሐፍ ስጀምር የምፈልገው ለማን እንደምጨነቅ ማወቅ ነው። ሌላው እየቆየ ቢመጣ ደስ ይለኛል። እንዲያውም ምዕራፍ አንድ ላይ ቅጽ አንድን ሙሉውን ከነገርሽኝ፣ ነገ አዟሪው ቅጽ አንድን ቢያመጣው ምን ብዬ እገዛዋለሁ? ልብ ሰቀላው አለቀ እኮ።

ክፍል 41 (ደብረ ሲና) · ሰኞ ማታ

ማታ አንባቢ ያለው ልክ ነው። እኔ ቴሌግራም ላይ ነው የምጽፈው፤ አንዱን ታሪክ 41 ክፍል አድርሼዋለሁ። እዚያ ላይ «ባለፈው ክፍል» ብሎ መጀመር ግድ ነው። አንባቢው በመሃል ሃምሳ ነገር አይቷል፤ የሚከፍተውም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው። ሦስት መስመር እጽፍለታለሁ፤ ይበቃዋል።

ችግሩ የመጣው ወደ መጽሐፍ ስሰበስበው ነው። ሦስት ሦስቱን መስመር ሰረዝኩና ጨረስኩ አልኩ። ለካ ድግግሞሹ ንግግር ውስጥም ገብቷል። ገጸ ባሕርያቱ የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ ይነጋገራሉ። «እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው» ይላል ወንድም ለወንድሙ። እንዲህ የሚያወራ ወንድም የት አለ? አባት የሞተበት ሰው «የዘንድሮውን ሙት ዓመት በምን እናወጣዋለን?» ነው የሚለው። እዚያ ውስጥ አባት መሞቱም፣ ዓመት ማለፉም፣ እጅ ማጠሩም አለ።

ረቂቅሽ ላይ «እንደምታውቀው»፣ «ታስታውሳለህ»፣ «ያኔ እንዳልኩህ» የሚሉትን ፈልጊ። ያሉበት ቦታ ሁሉ በገጸ ባሕርይ አፍ አንቺ ለአንባቢው እያወራሽ ነው።

ጡረታ ላይ (ሸዋ ሮቢት) · ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ እኔ ከሌሎቹ ጋር አልስማማም። 71 ዓመቴ ነው። ቅጽ አንድን አንብቤ ሦስት ዓመት ጠብቄ ቅጽ ሁለትን ስገዛ ስም አይያዝልኝም። ታሪኩ አለ፤ ስሙ ጠፍቷል። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ስጪኝ። «ቀደም ሲል» በይና ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን ባል እንደሆነ ጻፊልኝ። የማይፈልገው ሰው ይዝለለው።

ያንን ደብቆ በጨዋታ መሃል ሊያስታውሰኝ የሚታገል ጸሐፊ ያደክመኛል። በግልጽ መንገር ነውር የለውም።

እርማት (ደብረ ብርሃን) · ማክሰኞ ከሰዓት

ሥራዬ የሰው ረቂቅ ማረም ነው። ተከታታይ ልቦለድ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህ ጭንቅ አለበት።

ጋሼ፣ ያሏት ገጽ ጥሩ ናት፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን የምትችለው ስምና ዝምድናን ነው። ቂምን አትችልም። «ጥላዬ ደምሴን ጥሎት ሸሸ» ብሎ እዚያ ላይ መጻፍ ይቻላል። አንባቢው ያውቀዋል፤ አይሰማውም። ወርቄ ፊቷን ስታጠቁር የአንባቢውም ፊት እንዲጠቁር ከተፈለገ፣ ነገሩ ምዕራፉ ውስጥ መድረስ አለበት።

ቡና ላይ ያለውን አስቡት። ጎረቤት ቶና ላይ ደረሰች። አቦል ላይ የተወራውን ማንም ከጥንስሱ አይደግምላትም። ዝም ብለውም አይቀጥሉም። ሲኒውን እየሰጠቻት አንዷ «የዚያ የልጅቷ ነገር ነው፤ ሰውየው መጣ አሉ» ትላለች። በቃ፣ ገባች። የቀረውን ከሰዎቹ ፊት ታነባለች። ያልገባትን ራሷ ትጠይቃለች። ቀድመው የሰሙትም አልሰለቹም፤ ቡናውም አልቀዘቀዘም። የሚፈለገው መጠን ያ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። 14ቱን ገጽ አትጣይው። አትሚውና ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው፤ ስክሪን ላይ አይሆንም። ቀይ እስክሪብቶ ያዢ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «አንተ ባትኖር በዚህ ምዕራፍ የሚሆነው ነገር ይገባል?» ብለሽ ጠይቂው። ይገባል ካለሽ አስምሪበት። የተሰመረበት ሁሉ ከዚህ ምዕራፍ ይወጣል። አይጠፋም፤ የሚፈለግበት ምዕራፍ እስኪደርስ ይጠብቃል። ሠርጉና ሚዜነቱ ለምሳሌ ዛሬ አያስፈልጉም። ልጅቱ «ይህ ሰው ለአባቴ ምኑ ነበር?» ብላ የምትጠይቅበት ቀን ያስፈልጋሉ። በቅርቡ ያረምኩት አንድ ረቂቅ ላይ ከ11 ገጽ ሁለት አንቀጽ ተርፎ ነበር። እነዚያ ሁለት አንቀጾች ግን ቦታቸው ላይ ከባድ ነበሩ።

ሌላው፣ ይህን በጣም አስቢበት፦ ማን ነው የሚያስታውሰው? ያንቺ 14 ገጽ የማንም ትዝታ አይደለም። ተራኪው ከላይ ሆኖ ነው የሚያወራው። ወርቄ ቶራ መስክ አልነበረችም፤ የሰማችው ነው ያላት። ጥላዬ ግን ነበረ። 19 ዓመት ሙሉ ለራሱ ምን እያለ ነው የኖረው? «ሞቷል ብዬ ነው» ይላል? ቅጽ አንድን ያነበበ ሰው ደምሴ በሕይወት እንደነበረ ያውቃል። ጥላዬ «ሞቷል ብዬ ነው» ሲል ይናደዳል እንጂ አይሰለችም። አዲሱ አንባቢ ደግሞ ያምነዋል፤ እውነቱ ሲመጣ ይደነግጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ሠራ ማለት ነው። ምልሰት ስትጽፊ ለነባሩ አንባቢ አንድ አዲስ ነገር ካላስያዝሽው ገና ነው፤ ደግመሽ ጻፊው።

ባለእንዝርት (መሐል ሜዳ) · ማክሰኞ ማታ

ልቦለድ ጽፌ አላውቅም። ይህን ሳነብ ግን እናቴ ታወሰችኝ።

እናቴ የበግ ሱፍ ትፈትላለች፤ ለበርኖስና ለዝተት የሚሆን። ሱፉ ሲያልቅባት ወይም ክሩ ሲበጠስባት አትቋጥረውም። የክሩን ጫፍ በጣቷ ታፍታታዋለች፤ ጸጉሩ እስኪበተን ድረስ። አዲሱን ሱፍ እላዩ ላይ ታስተኛለች፤ አንድ ጣት የሚያህል። ከዚያ እንዝርቱን ታሾረዋለች። ሁለቱ አንድ ላይ ይጠመዘዛሉ። የቱ ጋ እንደተቀጠለ በኋላ እሷም አታገኘውም።

ልጅ ሆኜ እኔ ቋጠርኩት። አልተቆጣችኝም። እጄን ይዛ ቋጠሮው ላይ አስኬደችውና «ሸማኔውን ያስቸግረዋል፤ የለበሰውንም ይቆረቁረዋል» አለችኝ።

ያንቺ 14 ገጽ ቋጠሮ ነው። ሁሉን ስታወጪው ደግሞ ክሩ ተበጠሰ። አንድ ጣት የሚያህል ብትደርቢስ?

ማታ አንባቢ (አንኮበር) · ማክሰኞ ማታ

ባለእንዝርት፣ እናትሽን እግዜር ይስጥልን።

የታሪክ መምህር (እነዋሪ) · ረቡዕ

ስለ ታሪኩ በኩል ልጨምር። ታሪካዊ ልቦለድ ሲሆን ሸክሙ እጥፍ ነው፤ የገጸ ባሕርያቱም የአገሩም ያለፈ ነገር አለ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጦር ይዘው ከወሎ ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ድል አደረጉ፤ ራስም እዚያው ወደቁ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ድሉ ለሸዋ ሆነና ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። በ1909 ዓ.ም. አንድ ወር ውስጥ ያለቀ ነገር ነው። ሰገሌን ብዙ ተማሪ በስም ያውቃል። ቶራ መስክን የሚያውቅ ግን ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁሉን ለማስረዳት መፈለግሽ ይገባኛል፤ እኔም የምፈተንበት ነው።

ነገር ግን ወርቄ ዓመተ ምሕረት እየጠቀሰች አታስብም። አያቶቻችን ዘመን የሚቆጥሩት በሆነው ነገር ነው። «ራስ የወደቁ ጊዜ» ትላለች። የእሷ ቶራ መስክ ያቺ ናት። የቀረውን አንባቢው ከአስተማሪ ወይም ከቅጽ አንድ ያገኘዋል።

ደግሞ አንድ ደብተር ያዢ። የሰው ዕድሜ፣ ጠባሳው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የበቅሎዋ ቀለም። ቅጽ አንድ ላይ ዳማ የነበረች በቅሎ ቅጽ ሁለት ላይ ሲያስታውሷት ጥቁር ከሆነች፣ ነባሩ አንባቢ እምነቱ ይሸረሸራል። ጥላዬ ከይፋት ሲመጣም በጣርማ በር ዋሻ እንዳታሳልፊው። ዋሻውን የሠራው ጣሊያን ነው፤ ክተት በታወጀበት መስከረም ገና የለም። ዳገቱን ይውጣው። ገብሱም ያኔ ማሳ ላይ ነው፤ አውድማ አታስገቢ።

ድምፅ ብቻ (ደብረ ብርሃን) · ረቡዕ ማታ

እኔ መጽሐፍ በድምፅ ነው የምተርከው። የሚሰማኝ ሰው ዕቃ እያጠበ ወይም መንገድ ላይ ሆኖ ነው። ገጽ ገልጦ ወደ ኋላ አይመለስም። ጋሼ፣ ያሏት የስም ገጽ በድምፅ ስትነበብ አትያዝም። 20 ስም ተራ በተራ ባነብ ሦስተኛው ላይ ሰሚው ሄዷል።

በድምፅ የሚይዘው ምልክት ነው። አንድ ሰው ከአራት ምዕራፍ በኋላ ሲመለስ ከነታሪኩ መምጣት የለበትም። አንድ የሚታወቅበት ነገር ይዞ ይምጣ፤ አካሄድ፣ የሚደጋግማት ቃል፣ እጁ ላይ ያለ ዕቃ። ቅጽ አንድ ላይ ለጥላዬ ምን ሰጥተሽው ነበር? እሱኑ መልሺው።

የጭጋጉ ማዶ (ደብረ ብርሃን) · ዓርብ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ጠፋሁ፤ እያሰመርኩ ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ከ14ቱ ገጽ ምን እንደተረፈልኝ ልንገራችሁ፦ በቅሎዋ። ሌላው ሁሉ ሌላ ቦታ ሊጠብቅ ይችላል። ወርቄን ያቆሰላት መሸሹ ብቻ አይደለም፤ በደምሴ በቅሎ መሸሹ ነው። ያቺ በቅሎ ግቢው ውስጥ ትታሰርበት የነበረ ችካል አለ። ቅጽ አንድ ላይ አንዴ ብቻ ጠቅሼው ነበር፤ ራሴም ረስቼዋለሁ። መምህር ያሉትን ደብተር ለማዘጋጀት መጽሐፌን ሳገላብጥ አገኘሁት።

አሁን እንዲህ ነው የሚጀምረው፦

«ጥላዬ ከበቅሎው ወርዶ ዛቡን ወደ ግቢው ችካል ሳበ።

“እዚያ አይታሰርም” አለች ወርቄ።

“ባዶ ነው እኮ።”

“ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ከአጥሩ ውጪ እሰር።”

አስካለ እናቷን አየቻት። ችካሉ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል። ክረምት ክረምት አፈሩ ሲላላና ሲያዘነብል እናቷ በድንጋይ እየደቃች ታቀናዋለች። ምንም ታስሮበት ግን አይታ አታውቅም።

ጥላዬ በቅሎውን ከአጥሩ ውጪ አስሮ ተመለሰ። ለምን ብሎ አልጠየቀም።»

ለሁለቱም ሰጠኋቸው። እህቴ «በቅሎዋን ረስቻት ነበር» አለችና ቅጽ አንድን ከመደርደሪያ አውርዳ የመጨረሻውን ምዕራፍ ደግማ አነበበች። ባልደረባዬ «ምን አድርጓት ነው?» አለች። «ክፉ ናት?» አላለችም። ያ ነው የናፈቀኝ ጥያቄ። ምዕራፉንም ጨረሰችው።

ማታ አንባቢ (አንኮበር) · ዓርብ ማታ

እኔም «ምን አድርጓት ነው?» ብያለሁ። ቅጽ አንድን አሁን ፈልጌ እገዛዋለሁ፤ ምክንያቱም አልነገርሽኝም።

እርማት (ደብረ ብርሃን) · ቅዳሜ ጠዋት

«ለምን ብሎ አልጠየቀም» የምትለዋን እንዳትነኪያት። አንድ ቃል እንኳ አትጨምሪ። እዚያ ላይ «ያውቀው ነበርና» ብለሽ ማብራራት ትፈልጊ ይሆናል፤ እጅሽን ያዢ።

ጡረታ ላይ (ሸዋ ሮቢት) · ቅዳሜ

ልጄ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገጼን አሁንም እፈልጋለሁ፤ እሱን አልተውኩም። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ።

ወርቄ ጥላዬን «እሰር» ነው ያለችው። ቅጽ አንድ ላይ ምን ትለው ነበር? የባሏ አብሮ አደግ ነው፣ ሚዜ ነው፣ ቤተኛ ነው። «አንተ» ብትለው ያምራል። እንግዲያው ዛሬም «አንተ» ካለችው ምን ተቀየረ? እናቴ ከታናሽ እህቷ ጋር በመሬት ተጣልታ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ «አንቱ» ስትላት ሰምቼ ነው ያደግኩት። ታናሿን! ልጅ ሆኜ አክብራት ይመስለኝ ነበር። ሲታረቁ «አንቺ» አለቻትና ሁለቱም አለቀሱ።

ወርቄ «እሰሩ» ትበል። ቅጽ አንድን ያነበበው ቶሎ ይሰማዋል። ያላነበበው ደግሞ ጥላዬ ሲደነግጥ ያያል።

የጭጋጉ ማዶ (ደብረ ብርሃን) · ቅዳሜ ማታ

አባባ፣ ይህን ሳነብ ተነሥቼ ቤት ውስጥ ዞርኩ። ቅጽ አንድን ከፍቼ አየሁ፤ ወርቄ ጥላዬን የመጨረሻ ጊዜ ያናገረችው «ና ብላ እንጂ፣ አንተ ደግሞ» ብላ ነው። አሁን እንዲህ ሆነ፦

«“ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ከአጥሩ ውጪ እሰሩ።”

ጥላዬ ዛቡን እንደያዘ ቆመ። “አንቱ አልሽኝ፣ ወርቄ?”

“አዎ።”

በቅሎውን ከአጥሩ ውጪ አስሮ ተመለሰ። ለምን ብሎ አልጠየቀም።»

የችካሉን አንቀጽ ከ«አዎ» በኋላ አላስገባሁትም፤ አስካለ ማታ ብቻዋን ስትሆን ነው የምታየው። ሠርጉና ሚዜነቱ ምዕራፍ አምስት ገብተዋል። «ሞቷል ብዬ ነው» የሚለውን ጥላዬ ምዕራፍ ሦስት ላይ ይናገራል።

የስሙንም ገጽ አዘጋጅቻለሁ። 16 ስም ነው፤ ከነአባታቸውና ከነመንደራቸው፣ ፊደሉ ተለቅ ብሎ። ማን ማንን ጥሎ እንደሸሸ ግን እዚያ ላይ የለም።